ፍትፍቱም ፊቱም፦ ሠራተኛን በሥራው የሚያቆየው ምንድን ነው?

ሥራ ፈላጊ በሞላበት አገር «ሠራተኛ ጠፋ» የሚል ሮሮ መስማት እንግዳ ነገር ይመስላል። ሆኖም ሱቅ፣ የልብስ ስፌት ድርጅት፣ ጋራዥ ወይም የግል ትምህርት ቤት ከሚያስተዳድሩ ወገኖቻችን ጋር በተገናኘሁ ቁጥር የምሰማው ይህንኑ ነው። «ሰው አይበረክትልኝም፤ አስተምሬው ሥራውን ሲለምድ ጥሎኝ ይሄዳል፤ የቀረውም ካላዩት አይሠራም» ይላሉ። ተቀጣሪው ዘንድ ሲኬድ ደግሞ ሌላ ሮሮ አለ። «ብለፋ የሚያይልኝ የለም፤ ደመወዜ ከወር ወር አያደርሰኝም፤ የምቆየው የተሻለ እስካገኝ ብቻ ነው» ይላል።

ሁለቱም የሚናገሩት እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ስለማይሰማ፣ አሠሪው ሠራተኛውን «ውለታ ቢስ» እያለ፣ ሠራተኛውም አሠሪውን «በላተኛ» እያለ ዓመታት ያልፋሉ። በመካከል የሚጎዳው ሥራው ነው፤ ከሥራው ጋር የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ይጎዳል። ታዲያ ሠራተኛን በሥራው እንዲቆይና በልቡ እንዲሠራ የሚያደርገው ምንድን ነው? ገንዘብ ነው? አክብሮት ነው? ወይስ ሌላ? ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በተጨባጭ ታሪኮች አማካይነት አብረን እንድንመረምር እጋብዛችኋለሁ።

አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። እንግዳ ከቀረበለት ምግብ ይልቅ የአስተናጋጁን ፊት ያያል ማለታቸው ነው። ብሂሉ እውነት አለው። ነገር ግን አንዳንድ አሠሪዎች ይህን ብሂል ለራሳቸው በሚያመች መንገድ ተርጉመውት እናያለን። «ፈገግ ካልኩለትና ወንድሜ ካልኩት ደመወዙ ቢያንስም ይቆይልኛል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «ከፍዬዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ዕዳ አለብኝ?» ባዮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በፊት ብቻ፣ ሁለተኞቹ በፍትፍት ብቻ ሰው ለመያዝ የሚሞክሩ ናቸው። እኔ እስከማምንበት ድረስ ሁለቱም ስሌቶች የተሳሳቱ ናቸው። ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች ለማሳየት እሞክራለሁ።

ዕለታዊው አምስት ዶላር

ሠራተኛ አለመርጋት በእኛ ዘመን የተፈጠረ ችግር አይደለም። ችግሩ በግልጽ በቁጥር ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት፣ ሃይላንድ ፓርክ በተባለች ከተማ የነበረው የሄንሪ ፎርድ የመኪና ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ በ1913 ፋብሪካው ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ጀመረ። ቀደም ሲል የአንድን መኪና አካል ለመገጣጠም ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። ለባለሀብቱ ይህ ትልቅ ድል ነበር። ለሠራተኛው ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ማጥበቅ ማለት ሆነ። ትናንት ባለሙያ የነበረው ሰው ዛሬ የማሽኑ ጭራ ሆነ።

ሠራተኛውም በእግሩ መልስ ሰጠ። በ1913 ዓመት ውስጥ ፋብሪካው 14 ሺህ ያህል የሥራ ቦታዎችን ሰው እንዳያጡ ለማድረግ ብቻ ከ52 ሺህ በላይ ሰዎችን መቅጠር ነበረበት። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ የሥራ ቦታ በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ ሰው ተቀያየረበት ማለት ነው። ከዚህም በላይ በየቀኑ ከአሥር ሠራተኞች አንዱ ከሥራ ይቀር ነበር። አዲስ ሰው ማስተማር፣ የተበላሸውን ማስተካከል፣ የቆመውን ማስነሳት ሁሉ ገንዘብ ነው።

እ.ኤ.አ ጥር 5 ቀን 1914 ፎርድ ዓለምን ያስደነቀ ማስታወቂያ አወጣ። የዕለት ሥራ ከዘጠኝ ሰዓት ወደ ስምንት ሰዓት ዝቅ እንዲል፣ 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም የነበረው የቀን ክፍያም ወደ 5 ዶላር ከፍ እንዲል ወሰነ። ወሬው እንደተሰማ በሺህ የሚቆጠር ሥራ ፈላጊ በብርዱ የፋብሪካውን በር አጨናነቀ። ውጤቱም ፈጣን ነበር። 370 ከመቶ ደርሶ የነበረው የሠራተኛ መለዋወጥ በ1914 ወደ 54 ከመቶ፣ በ1915 ደግሞ ወደ 16 ከመቶ ወረደ። ፎርድ ይህን ያደረገው ለጽድቅ አልነበረም። ሲያሰላው ሠራተኛ ማጣት ሠራተኛን በደንብ ከመክፈል ይበልጥ ውድ ሆኖ ስላገኘው ነው።

ለእኛ አንባቢያን የዚህን ታሪክ አንድ ቅንጣት ልጨምር። በዚያ ክፍያ ተስበው ከመጡት መካከል ከሶሪያና ከሊባኖስ የፈለሱ ሙስሊሞች ይገኙበት ነበር። እነዚህ ሰዎች በሚኖሩበት በዚያው በሃይላንድ ፓርክ እ.ኤ.አ በ1921 የተከፈተው መስጊድ በአሜሪካ ለመስጊድነት ታስበው ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች አንዱ ነው። በቂ ደመወዝ ሰውን ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከአካባቢውም ጋር ያስተሳስረዋል። ኪራዩን የከፈለ፣ ልጁን ያስተማረ ሰው ቀጥሎ መስጊዱን ያስባል።

ይሁን እንጂ የፎርድ ታሪክ ሌላም ገጽታ አለው። አምስቱ ዶላር ሙሉ በሙሉ ደመወዝ አልነበረም፤ ከፊሉ የትርፍ ክፍፍል ተብሎ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ነበር። ኩባንያው መርማሪዎች አሰማርቶ ሠራተኛው ቤቱን በንጽሕና መያዙን፣ መጠጥ አለመጠጣቱን፣ ገንዘብ መቆጠቡን በየቤቱ እየሄደ ይጠይቅ ነበር። ክፍያው ሰውን አስቀረ፤ ክትትሉ ግን ሰውን አሳነሰ። የክትትሉ ክፍል በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀረ። ከዚያም በኋላ የመስመሩ ፍጥነት እየጨመረ፣ የፎርማኖቹ ቁጣ እየበረታ ሄዶ ኩባንያው በ1941 ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ስምምነት እስኪፈርም ድረስ ብዙ ትግል ተካሂዷል። ፍትፍት ያለ ፊት እስከየት እንደሚያደርስ ይህ ያሳያል።

በእኛው አገርስ?

«አሜሪካ ሩቅ ነው፤ የእኛ ሠራተኛ ሥራ ስላጣ ያገኘውን ይዞ ይቀመጣል» የሚል ሊኖር ይችላል። እውነታው ግን እንደዚያ አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ በ2018 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ጥናቱ የተካሄደው በኢትዮጵያ ውስጥ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ነው። ለመነሻ ሥራ ካመለከቱት አንድ ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች መካከል ከፊሎቹ በዕጣ የፋብሪካ ሥራ እንዲያገኙ፣ ከፊሎቹ 300 ዶላር ያህል ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና እንዲሰጣቸው ተደረገ፤ የቀሩት በነበሩበት ቀጠሉ። አብዛኞቹ አመልካቾች ወጣት ሴቶች ነበሩ።

ምን ተገኘ? ሥራውን ካገኙት መካከል አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመቱ ሳይሞላ 77 ከመቶው ሄደዋል። ሥራ ያገኙት ሰዎች ገቢ ሥራ ካላገኙት ብዙም አልበለጠም፤ በአንጻሩ ከባድ የጤና ችግር የመግጠሙ ዕድል በእጥፍ አደገ። እንግዲህ ያ ሠራተኛ የለቀቀው «ሰነፍ ስለሆነ» ነው? ወይስ አስልቶ ነው? የጉልት ንግድም ሆነ የቀን ሥራ ያንኑ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ጤናውንም ካልነካው፣ ለምን ይቆያል? እርሱም እንደ ፎርድ ሂሳቡን ሠርቷል።

እ.ኤ.አ በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በ2019 ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ዘገባ እንደገለጸው፣ በወቅቱ የአንድ ጀማሪ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። በፓርኩ የመጀመሪያ ዓመት የለቀቁት ሠራተኞች ቁጥር ከጠቅላላው የሠራተኛ ቁጥር ጋር የተስተካከለ ሆኖ ተገኝቷል። ከገጠር የመጣች ወጣት ለቤት ኪራይ ከጓደኞቿ ጋር ተዳብላ፣ ለምግቧና ለልብሷ ከከፈለች በኋላ ለቤተሰቧ የምትልከው ካልተረፋት ሥራው ምንም ያህል ዘመናዊ ሕንፃ ውስጥ ቢሆን አያስቀራትም። እዚህ ላይ የጎደለው ፊት ብቻ ሳይሆን ፍትፍቱም ነው።

ያው ሰው፣ ያው ፋብሪካ

ታዲያ ደመወዝ በቂ ሲሆን ችግሩ ያበቃል? ይህን ለማየት እንደገና ወደ አሜሪካ፣ አሁን ግን ወደ ካሊፎርኒያ እንሻገር። በፍሪሞንት ከተማ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ የመኪና ፋብሪካ ነበረው። ሠራተኞቹ በሠራተኛ ማኅበር የተደራጁና ለዘመኑ ጥሩ የሚከፈላቸው ነበሩ። ሆኖም ፋብሪካው በመጥፎ ስም የታወቀ ነበር። በየቀኑ ከአምስት ሠራተኞች አንዱ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ያለማኅበሩ ፈቃድ ሥራ ማቆም የተለመደ ሲሆን፣ ቅሬታው በሺህ የሚቆጠር፣ የሚወጣው መኪና ጥራትም ዝቅተኛ ነበር። ኩባንያው ተስፋ ቆርጦ እ.ኤ.አ በ1982 ዘጋው።

በ1984 ግን ያው ፋብሪካ በጄኔራል ሞተርስና በጃፓኑ ቶዮታ ሽርክና ተከፈተ። አስተዳደሩን የያዘው ቶዮታ ነበር። የሚገርመው ነገር ከተቀጠሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ እነዚያው «አይረቡም» የተባሉት የቀድሞ ሠራተኞች መሆናቸው ነው። ማኅበራቸውም ያው ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከሥራ መቅረት ወደ ሁለትና ሦስት ከመቶ ወረደ። የሚወጣው መኪና ጥራትም ጃፓን ውስጥ ከሚሠራው ጋር የሚቀራረብ ሆነ።

ምን ተለወጠ? በመጀመሪያ 450 ያህል ሠራተኞች ወደ ጃፓን ተልከው አሠራሩን በዓይናቸው አዩ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሠራተኛ ስህተት ሲያይ ከራሱ በላይ የተዘረጋችውን ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም የሚችልበት ሥልጣን ተሰጠው። በቀድሞው አሠራር መስመሩን ማስቆም የሚያስባርር ጥፋት ነበር። አሁን ገመዱ ሲሳብ የቡድን መሪው የሚመጣው ሊቆጣ ሳይሆን «ምን ልርዳህ?» ሊል ነው። ሦስተኛ፣ ለአለቆች ብቻ የተለየ ምግብ ቤትና የተለየ መኪና ማቆሚያ ቀረ። አራተኛ፣ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የአለቆች ደመወዝ እንዲቀነስ እንጂ ሠራተኛ እንዳይበተን በስምምነቱ ተጻፈ። በ1988 ገበያው ቀዝቅዞ ምርቱ በጣም ሲቀንስም ቃሉ ተጠበቀ፤ ትርፍ የሆኑት ሠራተኞች ሥልጠና ገቡ እንጂ አልተባረሩም።

ይህ ሽርክና ዘላለማዊ አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ከሽርክናው ወጣ፤ ፋብሪካውም በ2010 ተዘጋ። ይሁን እንጂ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ያስተማረው ትምህርት አልተዘጋም። ሰዎቹ እነዚያው፣ ሕንፃውም ያው ሆኖ ሥራው ከተለወጠ፣ «ሠራተኛው ነው መጥፎው» የሚለው ምክንያት ይወድቃል። ለአሠሪ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስብ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ሁለት መዝገቦች

እነዚህን ታሪኮች አንድ ላይ ለማየት የሚረዳን ፍሬደሪክ ሄርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። ሄርዝበርግና ባልደረቦቹ በፒትስበርግ አካባቢ የሚሠሩ 200 ያህል መሐንዲሶችንና ሂሳብ ሠራተኞችን ሁለት ጥያቄ ጠየቁ። በሥራህ እጅግ ደስ ያለህ መቼ ነው? እጅግ የከፋህስ መቼ ነው? ውጤቱን እ.ኤ.አ በ1959 አሳተሙት።

መልሶቹ የአንድ ነገር ሁለት ጫፎች አልነበሩም። ሰዎች የከፋቸውን ሲናገሩ የሚያነሱት የድርጅቱን አሠራር፣ የአለቃን አያያዝ፣ ደመወዝንና የሥራ ቦታን ሁኔታ ነው። የተደሰቱበትን ሲናገሩ ግን የሚያነሱት አንድ ሥራ ከፍጻሜ ማድረሳቸውን፣ ልፋታቸው መታወቁን፣ ኃላፊነት መሰጠታቸውንና በሙያቸው ማደጋቸውን ነው። ስለዚህ የሄርዝበርግ መደምደሚያ ቅሬታን ማስወገድና ደስታን መፍጠር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው የሚል ነው። ሌሎች ምሁራን ይህን ጥናት ተችተውታል። «ሰው ሲሳካለት ለራሱ፣ ሲበላሽበት በሌላው ማመካኘት ልማዱ ነው» በማለት የአጠያየቁን ዘዴ ነቅፈዋል። ትችቱ ሚዛን የሚደፋ ቢሆንም፣ ዋናው ሐሳብ ለአሠሪ የሚጠቅም ነው ብዬ አምናለሁ።

በነጋዴ ቋንቋ ላስረዳው። አሠሪ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት መዝገብ መያዝ አለበት። አንደኛው የዕዳ መዝገብ ነው፦ በቂ ደመወዝ፣ በቀኑ መክፈል፣ ዕረፍት፣ አደጋ የሌለበት ሥራ። ይህ ካልተከፈለ ሠራተኛው ተበድሏል። ሲከፈል ግን ዕዳ ተከፈለ እንጂ ስጦታ አልተሰጠም። ሁለተኛው የአደራ መዝገብ ነው፦ ማመን፣ ማማከር፣ ማመስገን፣ ማሳደግ። ሰው በልቡ የሚሠራው በዚህኛው ነው። የአንዱ መዝገብ ጉድለት በሌላው አይሸፈንም። የፎርድ ሠራተኛ አምስት ዶላር ተቀብሎ ክብሩን ጠየቀ። ደመወዝ ያነሰው ሠራተኛ ደግሞ በምስጋና ወረቀት ኪራይ አይከፍልም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ከዚህ አንጻር የእኛን የከተማ ሙስሊም አሠሪዎችና ሠራተኞች ሁኔታ መመልከት ያሻል። ብዙዎቹ የንግድ ቤቶቻችን በዝምድና የቆሙ ናቸው። የአጎት ልጅ ከገጠር ይመጣል፣ ቤት ውስጥ ይበላል፣ ሱቅ ውስጥ ይውላል። ደመወዙ ስንት እንደሆነ በግልጽ አይነገረውም። «ልጄ ነው፤ ሲጎለምስ ሱቅ እከፍትለታለሁ» ይባላል። የሚከፍቱለት አሉ፤ ለእነርሱ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን አሥር ዓመት ጠብቆ ባዶ እጁን የወጣም አለ። እዚያ ላይ ንግዱ ብቻ ሳይሆን ዝምድናውም ይፈርሳል። ዝምድና ለደመወዝ ምትክ ሲሆን ሁለቱንም ያሳጣል። ያልተጻፈ ውል የጠብ እርሾ ነው።

እኔ ራሴ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በተቀጠርኩበት አንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ አንዳንዴ በወሩ መጨረሻ፣ አንዳንዴም በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ይከፈል ነበር። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ዘግይቶ ይመጣ ነበር። ይሁን እንጂ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እያንዳንዳችን ከሱቅ በዱቤ ስንወስድ፣ ከጓደኛ ስንበደር፣ ለአከራይ ምክንያት ስንደረድር ሥራው ከአእምሯችን ይወጣ ነበር። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ ስለ ትጋት ረዥም ንግግር ሲያደርጉ ጎን ለጎን የተቀመጥነው እርስ በርስ እንተያይ ነበር። ከመካከላችን አንደበተ ርቱዕ የሆነ አንድ ባልደረባ «ትጋቱ ከገንዘብ ያዥ ቢሮ ይጀምር» አለ። ቀልድ ነበር፤ ነገር ግን ከንግግሩ ሁሉ የተረፈን እርሱ ነው።

በዚህ ረገድ ሃይማኖታችን ያስቀመጠልን መመሪያ ግልጽ ነው። ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ሐቁ ይሰጠው የሚለውን ነቢያዊ ትምህርት ያልሰማ የለም። አገልጋዮቻችሁ ወንድሞቻችሁ ናቸውና ከምትበሉት አብሏቸው፣ ከአቅማቸው በላይ አትጫኗቸው፣ ከጫናችኋቸውም አግዟቸው የሚል መልእክት ያለውን የአቡ ዘር ዘገባም እናውቃለን። ይህ የፍትፍቱ ጉዳይ ነው። አነስ ኢብን ማሊክ ደግሞ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድም ቀን የምሬት ቃል ከእርሳቸው እንዳልሰሙ መስክረዋል። ይህ የፊቱ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ሁለቱም አብረው ነው የመጡልን። ከፍለን ከመጣን አይቀር አንዱን መርጠን ሌላውን የምንተውበት ምክንያት የለም።

የአገሪቱ ሕግም ዝቅተኛውን ወለል አስቀምጧል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የአንድ ዓመት አገልግሎት ላለው ሠራተኛ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ይሰጣል። የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ የሕዝብ በዓል ቀን ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል እንዲከፈል ያዛል። የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ሁኔታ ጽፎ ፈርሞ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በየሱቁ እንደሚደረገው «ዕቃ ጎደለ» ተብሎ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ወይም ሌላ ሕጋዊ መሠረት ሳይኖር ደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። ቢቆረጥም ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ይህን ሁሉ ያሟላ አሠሪ ጥሩ ሰው ተብሎ ሊወደስ አይገባውም፤ ዕዳውን የከፈለ ሰው ነው።

ታዲያ ከዕዳው በላይ ምን ማድረግ ይቻላል? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ነገሮችን ላንሳ።

አንደኛ፣ ተግሣጽን በሥውር፣ ምስጋናን በአደባባይ ማድረግ ነው። የእኛ ልማድ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሠራተኛውን ደንበኛ ፊት እንቆጣውና፣ ያመሰገንነው እንደሆነ «እንዳይበላሽ» ብለን በሌለበት እናመሰግነዋለን። ምስጋናውም «ጎበዝ» በሚል ባዶ ቃል ሳይሆን ምን እንደሠራ የሚጠራ ይሁን፦ «ትናንት ያን ደንበኛ በትዕግሥት ባታስተናግደው ኖሮ አጥተነው ነበር» እንደማለት።

ሁለተኛ፣ ገመዷን መስጠት ነው። ሱቅ ውስጥ የፍሪሞንቷ ገመድ ምን ልትሆን ትችላለች? «እስከዚህ ብር ድረስ ዋጋ መቀነስ ትችላለህ፤ እኔን አትጠይቅ» ማለት ሊሆን ይችላል። ልብስ ስፌት ቤት «ጨርቁ እንከን ካለው አትቁረጪው፤ መልሺው፤ አልቆጣም» ማለት ሊሆን ይችላል። ማንኛውም ጥቃቅን ነገር በጌታው ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስበት ቤት ጌታው በሌሉበት ቀን ይተኛል። ከዚያም «ካላዩት አይሠራም» ይባላል። እንዲያስብ ያልተፈቀደለት ሰው እንዴት ያስባል?

ሦስተኛ፣ ከመሄዱ በፊት መጠየቅ ነው። ብዙ አሠሪ ሠራተኛውን «ምን ጎደለህ?» ብሎ የሚጠይቀው የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዞ ሲቆም ነው። ያኔ መልሱ «የግል ጉዳይ ነው» ይሆናል። በየሦስት ወሩ ሻይ ይዞ ለሩብ ሰዓት መቀመጥና «ሥራህን የሚያከብድብህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ግን ጠይቆ አለማድረግ ካለመጠየቅ ይብሳል። ማድረግ የማይቻለውን «አልችልም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ማለትም መልስ ነው።

አራተኛ፣ እኩል ሚዛን ነው። ሠራተኛ የራሱን ደመወዝ የሚመዝነው በጎረቤቱ ነው። የባለቤቱ ዘመድ ሁለት ሰዓት አርፍዶ ሲመጣ የሚታለፍ፣ ባዕዱ አሥር ደቂቃ ሲዘገይ የሚቀጣ ከሆነ የትኛውም ጭማሪ ልቡን አያክመውም። በሰላት ሰዓት ላይም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ወደ ጀመዓ ሲሄድ ሠራተኛው ሱቅ እንዲጠብቅ የሚገደድ ከሆነ፣ ተራ ማውጣት አቅቶን ነው ወይስ የእርሱን ሰላት ከእኛ አሳንሰን አይተነው?

የተቀጣሪው ድርሻ

ይህን ሁሉ ስል ሸክሙን በአሠሪው ላይ ብቻ ለመጫን አይደለም። ሥራ አማና ነው። ደመወዝ የተቀበለበትን ሰዓት በወሬና በስልክ የሚያሳልፍ፣ የጌታውን ደንበኛ በጎን የሚያግባባ፣ ያለማስጠንቀቂያ ዕቃ ጥሎ የሚጠፋ ሠራተኛ ሐቅ ይዟል። አነሰኝ የሚል ካለ ወይ በግልጽ ይናገር፣ ወይ በሥርዓት ተሰናብቶ ይሂድ እንጂ ሥራውን በማሳነስ አይበቀል። በደል በበደል አይታረቅም። የሚቀጥለው አሠሪም እንዳያምን የሚያደርገው ይህ ዓይነቱ አካሄድ ነው።

ይሁንና መጀመሪያ መንቀሳቀስ ያለበት ማን ነው ብትሉኝ፣ ሥልጣኑ ያለው ነው እላለሁ። ፍሪሞንት ላይ መጀመሪያ የተለወጠው ሠራተኛው አልነበረም፤ አስተዳደሩ ነው። ሃይላንድ ፓርክ ላይም እንዲሁ። ሠራተኛው መልስ ሰጪ ነው፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው አሠሪው ነው።

ስለዚህ «ሰው አይበረክትልኝም» የሚል ወንድም ወይም እህት በሚቀጥለው የደመወዝ ቀን ሁለቱን መዝገቦች አብሮ ይክፈት። በመጀመሪያው መዝገብ «ለዚህ ሰው የምከፍለው እርሱንና ቤተሰቡን ከወር ወር ያደርሳል? በቀኑ ከፈልኩት?» ብሎ ይጠይቅ። በሁለተኛው መዝገብ «በዚህ ወር ምን አመንኩት? ምን አስተማርኩት? ምንስ ጠየቅኩት?» ይበል። መልሱ ባዶ ከሆነ፣ የጎደለው ሠራተኛ አለመሆኑን ይረዳል። አላህ ሁላችንንም ሐቅ ከመያዝ ይጠብቀን፤ በሥራችንም በረካ ያድርግልን።